ምክትል መቶ አለቃ ሮቢንሰን ከወንበሩ አልተነሳም

እ.ኤ.አ. ሜይ 7 ቀን 1938 ደቡብ ካሊፎርኒያ ውስጥ አንድ የ19 ዓመት ተማሪ በአንድ ቀን ሁለት ከተማ ላይ ይፈለግ ነበር። ጠዋት የርዝመት ዝላይ ውድድር አለበት፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ቡድኑ ግሌንዴል ላይ ለቤዝቦል ዋንጫ ይጫወታል። የዝላዩን ዳኞች ቀደም ብሎ እንዲዘል እንዲፈቅዱለት ጠየቀ፤ ፈቀዱለት። ከሙከራዎቹ በአንዱ 7 ሜትር ከ78 ሳንቲ ሜትር ዘለለ። ይህ የአሜሪካ የሁለት ዓመት ኮሌጆች አዲስ ክብረ ወሰን ነበር፤ ያሻሻለውም የገዛ ወንድሙን ክብረ ወሰን ነው። ደስታውን ሳያጣጥም መኪና ውስጥ ገብቶ ወደ ግሌንዴል በረረ። ደረሰ፣ ተጫወተ፣ ቡድኑም ዋንጫውን ወሰደ።

ተማሪው ጃክ ሩዝቬልት ሮቢንሰን ይባላል። ዓለም ጃኪ ሮቢንሰን ብሎ የሚያውቀው፣ በ1947 በአሜሪካ ትልቁ የቤዝቦል ሊግ የነበረውን የቀለም አጥር የጣሰው ሰው ነው። ስለዚያ ብዙ ተጽፏል፤ ፊልምም ተሠርቶበታል። ከኮሌጅ ሜዳ ወጥቶ ቤዝቦል ተጫዋች እስኪሆን ድረስ ያሳለፈው ጊዜ ግን ብዙ አይወራለትም። በዚያ ጊዜ ሮቢንሰን የአሜሪካ ጦር መኮንን ነበር። መኮንን ሆኖም በጦር ፍርድ ቤት ተከሷል። ወደዚያ ችሎት ያደረሰውን መንገድ ወደ ኋላ ቢከተሉት መነሻው ኮሌጅ ሳለ የተሰበረ የቀኝ ቁርጭምጭሚቱ ሆኖ ይገኛል።

አራት ስፖርት፣ አንድ ተማሪ

ሮቢንሰን የተወለደው ጃንዋሪ 31 ቀን 1919 ጆርጂያ ክፍለ ሀገር፣ ካይሮ በምትባል ትንሽ ከተማ አቅራቢያ ነው። ወላጆቹ የሰው መሬት በእኩል የሚያርሱ ገበሬዎች ነበሩ። አባቱ ቤተሰቡን ጥሎ ሲሄድ እናቱ ማሊ አምስት ልጆቿን ይዛ በባቡር ወደ ካሊፎርኒያ ተሰደደች። ፓሳዴና ከተማ፣ ነጮች በሚበዙበት ፔፐር የተባለ መንገድ ላይ ቤት ገዝታ፣ በሰው ቤት እየሠራች ልጆቿን አሳደገች።

ቤቱ የስፖርተኞች ቤት ነበር። ታላቅ ወንድሙ ማክ በ1936 የበርሊን ኦሊምፒክ በ200 ሜትር ከጄሲ ኦወንስ ቀጥሎ ሁለተኛ ወጥቶ የብር ሜዳሊያ አምጥቷል። በሁለቱ መካከል የነበረው ልዩነት አራት አሥረኛ ሰከንድ ብቻ ነው። ማክ ወደ ፓሳዴና ሲመለስ ግን ያገኘው ሥራ መንገድ መጥረግ ሆነ፤ የኦሊምፒክ ጃኬቱን ለብሶ ይጠርግ ነበር። ታናሽ ወንድሙ ይህንን እያየ አደገ። በፓሳዴና ሜዳ ላይ የሚጨበጨብለት ጥቁር ስፖርተኛ ከሜዳ ሲወጣ ምን እንደሚጠብቀው የሚነግረው ሌላ ሰው አላስፈለገውም።

ሮቢንሰን በ1937 ፓሳዴና የሁለት ዓመት ኮሌጅ እንደገባ የአሜሪካ እግር ኳስ ሲለማመድ ቀኝ ቁርጭምጭሚቱ ተሰበረ። ድኖ ወደ ሜዳ ተመለሰ፤ የአጥንት ስብርባሪ ግን መገጣጠሚያው ውስጥ ቀርቶ ኖሮ ከዓመታት በኋላ የጦር ሐኪሞችን ጠረጴዛ አጣበበ። ለጊዜው ግን ማንም አላስተዋለውም። በ1939 በሎስ አንጀለስ ወደሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ፣ ማለትም ወደ ዩ.ሲ.ኤል.ኤ. ሲገባ የየስፖርቱ አሠልጣኞች ሁሉ ፈለጉት።

በዩኒቨርሲቲው ታሪክ በአራት ስፖርቶች የክብር ፊደል የተሸለመ የመጀመሪያው ተማሪ እሱ ነው፦ በአሜሪካ እግር ኳስ፣ በቅርጫት ኳስ፣ በአትሌቲክስና በቤዝቦል። ‘ፊደል’ የሚሉት የዩኒቨርሲቲውን ስም መነሻ ፊደል ነው፤ ለዋናው ቡድን በቂ ጊዜ የተሰለፈ ተማሪ ሹራቡ ላይ ይሰፋለታል። በቅርጫት ኳስ በምድቡ ሁለት ዓመት በተከታታይ ብዙ ነጥብ ያስቆጠረው እሱ ነበር። በ1940 በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ሻምፒዮና በርዝመት ዝላይ 7 ሜትር ከ58 ሳንቲ ሜትር ዘልሎ አንደኛ ወጣ። በ1939ኙ የእግር ኳስ ቡድን ውስጥ ከኬኒ ዋሽንግተን፣ ከዉዲ ስትሮድና ከሬይ ባርትሌት ጋር አራት ጥቁሮች ነበሩ፤ አብዛኞቹ ዩኒቨርሲቲዎች አንድ ጥቁር እንኳ በማያሰልፉበት ዘመን። ቡድኑ የዓመቱን የመጨረሻ ጨዋታ ከከተማ ተቀናቃኙ ጋር ከመቶ ሺህ በላይ ተመልካች ፊት ተጫውቶ ዜሮ ለዜሮ ወጣ። ዋሽንግተንና ስትሮድ በ1946 የፕሮፌሽናል እግር ኳስ ሊጉን በር መልሰው ከፈቱ፤ ሮቢንሰን በ1947 የቤዝቦሉን።

ከአራቱ ስፖርቶች ደካማው ቤዝቦል ነበር። ጨዋታውን ላልለመደው፦ ተጫዋቹ የተወረወረለትን ኳስ በዱላ መትቶ አራቱን ማረፊያዎች በሩጫ ዞሮ ‘ቤት’ ሲገባ ነጥብ ይቆጠርለታል። ሮቢንሰን ለዩኒቨርሲቲው በተጫወተበት ብቸኛ የቤዝቦል ዓመት ከመቶ የመምቻ ዕድል የተሳካለት አሥር እንኳ አይሞላም። ሆኖም በመጀመሪያው ጨዋታው ሁለት ጊዜ ‘ቤት ሰርቋል’። ይህ ማለት ጓደኛው ኳሱን እስኪመታለት ሳይጠብቅ፣ ኳሱ በተቃራኒው ቡድን እጅ እያለ፣ ከሦስተኛው ማረፊያ ሮጦ መግባት ነው። በጣም ፈጣንና በጣም ደፋር የሆነ ብቻ የሚሞክረው ነገር ነው። በኋላ በትልቁ ሊግ 19 ጊዜ አድርጎታል።

በ1941 የጸደይ ወራት፣ እናቱና የነርስነት ተማሪዋ ፍቅረኛው ሬቸል አይሰም እየለመኑት፣ ዲግሪውን ሊይዝ ጥቂት ሲቀረው ትምህርቱን አቋረጠ። ጥቁር ሰው ምንም ያህል ቢማር ሥራ እንደማያገኝ አምኖ ነበር። በዚያው ዓመት መጨረሻ ሆኖሉሉ ውስጥ ቅዳሜና እሑድ እግር ኳስ እየተጫወተ በሥራ ቀናት በፐርል ሃርበር አቅራቢያ በግንባታ ሠራ። ወደ አገሩ የሚመልሰው መርከብ የተነሳው ዲሴምበር 5 ነው። ከሁለት ቀን በኋላ፣ ባሕር ላይ ካርታ ሲጫወት፣ መርከበኞቹ መስኮቶቹን ጥቁር ቀለም መቀባት ሲጀምሩ አየ። ጃፓን ፐርል ሃርበርን መትታለች።

መኮንን የመሆን ጣጣ

በ1942 የጸደይ ወራት ለውትድርና ተጠርቶ ካንሳስ ክፍለ ሀገር ፎርት ራይሊ ወደሚገኝ የጥቁሮች ፈረሰኛ ክፍል ተላከ። ኮሌጅ የዘለቀ በመሆኑ ለዕጩ መኮንንነት አመለከተ። የጦሩ ደንብ በወረቀት ላይ ቀለም አይለይም፤ በተግባር ግን የጥቁሮቹ ማመልከቻ ወራት አለፉት፣ መልስ ግን የለም።

በዚያው ሰፈር የዓለም የከባድ ሚዛን ቦክስ ሻምፒዮን ጆ ሉዊስ ተራ ወታደር ሆኖ ያገለግል ነበር። ሮቢንሰን ችግሩን ነገረው። ሉዊስ በጦር ሚኒስቴር የጥቁሮችን ጉዳይ ለሚከታተለው የሕግ ባለሙያ ለትሩማን ጊብሰን አሳወቀ፤ ጊብሰን ጉዳዩን ያዘ። ብዙም ሳይቆይ በሩ ተከፈተ። ሮቢንሰን በጃንዋሪ 1943 የምክትል መቶ አለቃነት ማዕረግ ለበሰ።

ማዕረጉ ግን ቀለሙን አልሸፈነለትም። የሠራዊቱን ሞራል እንዲከታተል በተመደበበት በፎርት ራይሊ፣ የካምፑ ሱቅ ውስጥ ለጥቁር ወታደሮች የተለዩት መቀመጫዎች ጥቂት ስለነበሩ ወታደሮቹ የነጮቹ ወንበር ባዶ እያለ ቆመው ይጠብቃሉ። ለሚመለከተው ሻለቃ ስልክ ደወለ። ሻለቃው የሚያነጋግረው ነጭ መኮንን መስሎት፣ ሚስትህ ከጥቁር ጎን ብትቀመጥ ደስ ይልሃል ወይ አለው። ሮቢንሰን ስልኩ ላይ ጮኸበት፤ ጩኸቱ በአቅራቢያው ላሉ አለቆቹም ተሰማ። መጨረሻ ላይ ወንበሮቹ ተጨመሩ። መለያየቱ ግን እንደነበረ ቀረ።

ስፖርትም ሠራዊቱ ውስጥ አላስጠለለውም። ለካምፑ የእግር ኳስ ቡድን ተመርጦ ሳለ፣ ሚዙሪ ዩኒቨርሲቲ ጥቁር ካለበት ቡድን ጋር አልጫወትም አለ። አለቆቹ ይህንን ፊት ለፊት ከመንገር ይልቅ ለጨዋታው ቀን እረፍት ሰጡት። ሲመለስ ከቡድኑ ወጣ። አንድ ኮሎኔል እንድትጫወት ማዘዝ እችላለሁ ቢለው፣ እንድጫወት ሊያዙኝ ይችላሉ፣ በደንብ እንድጫወት ግን አይችሉም ብሎ መለሰ።

የቤዝቦል ቡድኑን ሊቀላቀል የሞከረበትን ቀን ደግሞ ፒት ራይዘር አይረሳውም። ራይዘር የብሩክሊን ዶጀርስ ኮከብ የነበረና ያኔ ፎርት ራይሊ የሚያገለግል ተጫዋች ነው። አንድ ጥቁር ምክትል መቶ አለቃ መጥቶ ለመጫወት ሲጠይቅ፣ አንድ መኮንን ከጥቁሮቹ ቡድን ጋር ተጫወት ሲለው ሰማ። የጥቁሮች ቡድን አልነበረም። ሰውዬው ሜዳው ዳር ቆሞ ልምምዱን ለጥቂት ጊዜ ተመለከተና ሄደ። ራይዘር ማንነቱን ያወቀው ከዓመታት በኋላ ዶጀርስ ውስጥ አብረው ሲጫወቱ ነው።

በ1944 ሮቢንሰን ወደ ቴክሳስ፣ ካምፕ ሁድ ተዛወረ፤ ‘ጥቁሮቹ ነብሮች’ በሚባለው በ761ኛው የታንክ ሻለቃ ጦር ውስጥ የመቶ መሪ ሆነ። ስለ ታንክ ምንም አያውቅም። ይህንን አልደበቀም፤ ሰዎቹን ሰብስቦ አለማወቁን ነገራቸው፣ ሥራውን ልምድ ላለው ሳጅን አስረክቦ እሱም ከእነሱ ጋር ተማረ። ክፍሉ ከምርጦቹ አንዱ ሆነ። የሻለቃ ጦሩ አዛዥ ነጩ ሌተና ኮሎኔል ፖል ቤትስ በዚህ ተደንቆ፣ ጦሩ ወደ አውሮፓ ሲዘምት አብሮ እንዲሄድ ጠየቀው።

እንቅፋቱ ቁርጭምጭሚቱ ነበር። ሐኪሞች ለውጊያ ብቁ አይደለም ብለው በቀላል ሥራ ወስነውታል። ጉዳት ቢደርስብኝ ሠራዊቱን አልጠይቅም ብሎ ለመፈረም ተስማማ፤ ውሳኔ እስኪሰጥ ድረስም ከካምፑ ርቆ ቴምፕል ከተማ ወዳለው የጦር ሆስፒታል ለምርመራ ገባ።

ጁላይ 6

ጁላይ 6 ቀን 1944 ምሽት ላይ ሮቢንሰን ጓደኞቹን ሊያይ ከሆስፒታሉ በአውቶቡስ ወደ ካምፑ መጣ። ሻለቃ ጦሩ ለልምምድ ወጥቶ አላገኛቸውም። በጥቁር መኮንኖች ክበብ ጥቂት ቆይቶ ለመመለስ ካምፑ ውስጥ የሚዞር አውቶቡስ ላይ ወጣ። የአንድ መኮንን ጓደኛውን ሚስት አግኝቶ መሀል አካባቢ ከጎኗ ተቀመጠ። ሴትዮዋ ቆዳዋ ቀላ ያለ ጥቁር ነች፤ ሹፌሩ ግን ነጭ መስላው እንደነበር ይታመናል። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ዞሮ ወደ ኋላ ሂድ አለው።

በቴክሳስ ሕግ ጥቁር የሚቀመጠው ከኋላ ነው። ሮቢንሰን ግን ሠራዊቱ በራሱ ግቢ ውስጥ በሚሄዱ አውቶቡሶች መለያየትን እየከለከለ መሆኑን ሰምቷል። ጆ ሉዊስና ቦክሰኛው ሬይ ሮቢንሰን በዚያው ዓመት አላባማ ውስጥ በሚገኝ ካምፕ በተመሳሳይ ነገር ተይዘው ወሬው በጥቁሮች ጋዜጦች ተዛምቶ ነበር። ምክትል መቶ አለቃው አውቶቡስህን ንዳ፣ እኔን ተወኝ አለና ከወንበሩ ሳይነቃነቅ ቀረ።

ማቆሚያው ላይ ሹፌሩ ሰዎች ጠራ፤ ወታደራዊ ፖሊሶች መጡ። እነሱ እንኳ መጀመሪያ በአክብሮት ነበር የያዙት። ነገሩ የከረረው ጥበቃ ክፍሉ ውስጥ ነው። አንድ ተራ ወታደር በጆሮው እየሰማ በዘር ስድብ ጠራው፤ ሮቢንሰን ቃሉን የደገመውን ሁሉ ለሁለት እሰብረዋለሁ አለ። የፖሊሶቹ አዛዥ ሻምበል ሲመጣ የነጮቹን ምስክሮች ቃል ከውስጥ ይቀበላል፣ ሮቢንሰንን ግን ውጭ እንዲጠብቅ ያዘዋል። ሮቢንሰን በሩ ላይ ተደግፎ የሚነገረውን ያዳምጣል፣ ሐሰት ነው እያለ ያቋርጣል። ሻምበሉ በኋላ በጻፈው ክስ ላይ መኮንኑ በማሾፍ እየሰገደ፣ የይስሙላ ሰላምታ እየሰጠ፣ “እሺ ጌታዬ፣ እሺ ጌታዬ” እያለ ተሳለቀብኝ ብሏል።

ሻምበሉ ክሱን ለቤትስ አቀረበ። ቤትስ አልፈርምም አለ። አለቆቹ መላ አላጡም፦ ሮቢንሰንን ወደ 758ኛው የታንክ ሻለቃ ጦር አዛወሩት፤ የዚያ አዛዥ ወዲያው ፈረመ። መጠጥ በአፉ የማይዞረውን ሰው ሰክሮ ነበር የሚል ክስ ጭምር ታስቦበት ነበር።

ሮቢንሰንም ዝም አላለም። ለጊብሰን ጻፈ፤ ለጥቁሮች መብት ተሟጋች ማኅበር ጻፈ። ነገሩ በጋዜጣ እንደሚወጣና ስፖርተኛው ስም ያለው ሰው መሆኑን ሠራዊቱም ያውቅ ነበር። ችሎቱ ሲደርስ ክሱ ተገፍፎ ተገፍፎ ሁለት ብቻ ቀረ፤ ለበላይ መኮንን አክብሮት መንፈግና ሕጋዊ ትእዛዝ አለመቀበል። ስለ አውቶቡሱ የቀረ ክስ አልነበረም።

ኦገስት 2 ቀን 1944 ዘጠኝ መኮንኖች ተሰየሙ። የሮቢንሰን ጠበቆች ሻምበሉን በመስቀለኛ ጥያቄ ሲያፋጥጡት ትእዛዙ ምን እንደነበረ በግልጽ ማስረዳት ተሳነው። ቤትስ ቀርቦ ይህ መኮንን በእኔ ሥር እንዲዋጋ እፈልጋለሁ ሲል መሰከረ። ከአራት ሰዓት በላይ ከፈጀ ችሎት በኋላ ዳኞቹ በሚስጥር ድምፅ ሰጡ፤ ከሁለቱም ክስ ነፃ ወጣ።

ሮቢንሰን ከወንበሩ አልነሳም ካለ ከአሥር ቀን በኋላ ቨርጂኒያ ውስጥ አይሪን ሞርጋን የተባለች ጥቁር ሴት አውቶቡስ ውስጥ ወንበሬን አልለቅም ብላ ታሰረች። ጉዳይዋ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1946 በክፍለ ሀገሮች መካከል በሚጓዙ አውቶቡሶች ላይ መለያየት ሕገ ወጥ ነው ተባለ። ሮዛ ፓርክስ በሞንትጎመሪ ተመሳሳይ እምቢታ ያሰማችው በዲሴምበር 1955 ነው። በ1944ቱ ክረምት እምቢ ያለው መኮንን ብቻውን አልነበረም፤ ግን ማንም በስሙ ንቅናቄ አልገነባም። ነፃ መውጣቱን ራሱ ድል አድርጎ ቆጠረና ተሰናበተ።

ሳይዘምት ቀረ

761ኛው ያለ እሱ ዘመተ። በኦክቶበር 1944 ፈረንሳይ ገባ፤ በኖቬምበር በጄኔራል ፓተን ሦስተኛ ጦር ሥር ሆኖ ውጊያ ጀመረ። የመጀመሪያው ለውጊያ የበቃ የጥቁሮች የታንክ ጦር ነበር፤ 183 ቀን ተዋጋ። ቤትስ ገና በመጀመሪያዎቹ ቀናት ቆሰለ። ለሻለቃ ጦሩ የሚገባው የፕሬዚዳንት ሽልማት የተሰጠው በ1978 ነው።

ሮቢንሰን ግን ኬንታኪ ውስጥ ካምፕ ብሬክንሪጅ ወታደሮችን ስፖርት እያሠለጠነ ቀረ፤ በኖቬምበር 1944 በቁርጭምጭሚቱ ምክንያት በክብር ተሰናበተ። እዚያ ያገኘው፣ ለካንሳስ ሲቲ ሞናርክስ የተጫወተ አንድ ወታደር፣ ለቡድኑ ጻፍ አለው። ጻፈ። በ1945 በወር 400 ዶላር እየተከፈለው በጥቁሮች ሊግ ቤዝቦል ይጫወት ነበር። ያ የተረሳ ስብራት ወደ ሆስፒታሉ ሰደደው፤ ከሆስፒታሉም ወደ አውቶቡሱ ወሰደው፤ ከግንባርም አስቀረው፤ ብዙ እኩዮቹ ገና ከጦርነቱ ሳይመለሱ የሚጫወትበትን ሜዳ ሰጠው።

የሪኪ ጥያቄ

ኦገስት 28 ቀን 1945 የዶጀርስ ፕሬዚዳንት ብራንች ሪኪ ሮቢንሰንን ብሩክሊን ወዳለው ቢሮው አስጠራው። ሪኪ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ሻለቃ ነበር። ስለ ተጫዋቹ አስጠንቷል፤ ስድብን የማይታገስ መሆኑንም ሰምቷል። ለሦስት ሰዓት ያህል ሪኪ ራሱ እየተነሳ አልጋ የሚከለክል የሆቴል ሠራተኛ፣ እግሩን በጫማ ሹል የሚረግጥ ተቃዋሚ፣ በስድብ የሚያቃጥል ተመልካች እየሆነ ፈተነው። ሮቢንሰን መልሶ ለመምታት የሚፈራ ጥቁር ነው የሚፈልጉት ብሎ ጠየቀ። ሪኪ የፈለገው መልሶ ላለመምታት የሚበቃ ወኔ ያለው ሰው ነበር።

ካምፕ ሁድ ላይ ዝም ያላለ ሰው መሆኑ ለዚህ ሥራ የሚያሰናክለው ይመስል ነበር። ሪኪ ግን የተገላቢጦሽ አየው። ፈሪ ሰው ቢታገስ ትዕግሥቱን ማንም አይቆጥርለትም። ጦር ፍርድ ቤት ቆሞ ያልተንበረከከ ሰው ግን ቢታገስ፣ ወዶ መታገሱን ራሱም ሌላውም ያውቃል። ሮቢንሰን ቃል ሰጠ። በኤፕሪል 1946 በዶጀርስ ሥር ለነበረው ለሞንትሪያል ቡድን ባደረገው የመጀመሪያ ጨዋታ አምስት ጊዜ ወጥቶ አራት ጊዜ ተሳካለት። ኤፕሪል 15 ቀን 1947 ብሩክሊን ውስጥ ከሃያ አምስት ሺህ በላይ ሰው ፊት በትልቁ ሊግ ተሰለፈ። በዚያ ዓመት የዓመቱ አዲስ ተጫዋች፣ በ1949 ምርጥ ተጫዋች ተባለ። ፕሬዚዳንት ትሩማን በሠራዊቱ ውስጥ መለያየት እንዲያበቃ የሚያዘውን 9981ኛ ትእዛዝ የፈረሙት በጁላይ 1948 ነው፤ የቤዝቦሉ በር ከተከፈተ ከአንድ ዓመት በላይ አልፎ።

ሪኪ በ1949 ከቃሉ ነፃ አወጣው፤ ሮቢንሰንም ከዳኞችና ከጋዜጠኞች ጋር ፊት ለፊት መሟገት ጀመረ። አንዳንዶቹ ተለወጠ አሉ። ካምፕ ሁድ አብረውት ያገለገሉት ቢጠየቁ ግን ተመለሰ ይሉ ነበር።

በ1957 ቤዝቦልን ትቶ የአንድ የቡና ኩባንያ ምክትል ፕሬዚዳንት ሆነ። በሜይ 1958 ዋሽንግተን ላይ በተደረገ የጥቁር መሪዎች ስብሰባ ተገኝቶ ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር ጥቁሮች እንዲታገሱ ሲመክሩ አደመጠ። አይዘንሃወርም በዌስት ፖይንት የአሜሪካ እግር ኳስ ተጫዋች ነበሩ፤ በ1912 ጉልበታቸው ተጎድቶ መኮንን መሆናቸው እስከ ማጠያየቅ ደርሶ ነበር። በኋላ 761ኛውን ጨምሮ በምዕራብ አውሮፓ የተዋጋውን ጦር ሁሉ ያዘዙት እሳቸው ናቸው። የቀድሞው ምክትል መቶ አለቃ ሜይ 13 ቀን በኩባንያው ደብዳቤ ወረቀት ለጄኔራሉ ጻፈ። ንግግሩን ሲሰማ ተነስቶ ‘ኧረ አሁንም እንደገና!’ ለማለት ምን ያህል እንደቃጣው ነገራቸው። ጥቁሮች ከማንም በላይ ታግሠዋል አለ፤ የሰው ልብ እስኪለወጥ ልንጠብቅ አንችልም አለ። ጥቁር ተማሪዎች ከነጮች ጋር እንዳይማሩ ባገደው በአርካንሳሱ ገዥ ፎበስ ላይ ባለፈው መጸው ያሳዩትን ቆራጥነት የሚደግም ግልጽ መግለጫ እንዲያወጡም ጠየቃቸው።